ልጄ ኮሌጅ ይግባ ወይስ በቀጥታ ኳሱን ይከተል?

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቅርጫት ኳስ ናቸው። አንዱን የጻፈው አባት ነው፣ ሌላውን ተጫዋች፣ ሌላውን እናት። አንዱ ደግሞ ተናዶ ነው የጻፈው። ሁሉም አሜሪካ ነዋሪዎች ናቸው፣ የሚያወሩትም ስለ ኤንቢኤ (የአሜሪካ ዋናው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ) እና ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ። ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሃይስኩል ሊጨርስ አንድ ዓመት ይቀረዋል። ቅዳሜና እሁድ ከውድድር ውድድር ይዤው ስዞር መኪናዬ አለቀች። አሁን አንድ ሰው መጣና «ኮሌጅ ጊዜ ማባከን ነው፣ ውጭ አገር ሄዶ በደሞዝ ይጫወት፣ በዓመቱ ኤንቢኤ ይገባል» አለን። እናቱ ደግሞ «ያለ ዲግሪ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብላለች። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም በፊት ያንን ሰውዬ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ልጅዎ ሲፈርም እሱ ስንት ያገኛል? መልሱን ሳያቅማማ ከነገረዎት ጥሩ፣ ወሬው ይቀጥል። ከተንተባተበ ግን ሻይውን ይጠጣና ይሂድ።

አሁን ወደ ነገሩ። ምርጫው «ኮሌጅ ወይስ ኤንቢኤ» የሚመስላቸው ብዙ ወላጆች አሉ። አይደለም። ከ2006 ድራፍት (የኤንቢኤ ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) ጀምሮ አንድ አሜሪካዊ ተጫዋች ከሃይስኩል በቀጥታ ኤንቢኤ መግባት አይችልም። ድራፍቱ በሚካሄድበት ዓመት 19 መሙላት አለበት፣ የእሱ ክፍል ሃይስኩል ከጨረሰም ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ያቺን አንድ ዓመት የት ያሳልፋት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መጀመሪያማ ደንቡ ከዚህም የጠበቀ ነበር፣ ሃይስኩል ከጨረሱ አራት ዓመት ሳይሞላ ኤንቢኤ አይገባም። ስፔንሰር ሄይዉድ የሚባል ተጫዋች ነው ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶ በ1971 የሰበረው። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ኬቪን ጋርኔት በ1995፣ ኮቤ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጀምስ በ2003 ከሃይስኩል በቀጥታ ገቡ። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። ያ ሰውዬም ሳሎንዎ ተቀምጦ የሚጠራው እነዚህን ነው።

የማይጠራቸውን እኔ ልጥራልዎት። ኮርሊዮን ያንግ በ1998 ከሃይስኩል በቀጥታ ገባ። 40ኛ ተመረጠ። በኤንቢኤ የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ነው፣ በቃ። ሌኒ ኩክ በሃይስኩል ዘመኑ ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ነበር። በ2002 ድራፍት ውስጥ ስሙን አስገባ፣ ማንም ሳይመርጠው ሌሊቱ አለቀ። ሁለቱም ሰነፎች አልነበሩም። ችሎታም አላነሳቸውም። የጎደላቸው የሚያጠናክራቸው ጊዜና «ቆይ ትንሽ» የሚላቸው ሰው ይመስለኛል።

በእኔ ግምት እናቱ ልክ ናቸው። ምክንያታቸው ግን ትንሽ ይለያል። እሳቸው የሚያስቡት ዲግሪ ነው። ልጁ በእውነት ጎበዝ ከሆነ በአንድ ዓመት ዲግሪ አይዝም፣ ይሄንን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ኮሌጁን የምመርጠው ልጁ የሚጫወትበት ቦታ ስለሆነ ነው። ውጭ አገር ያሉ ቡድኖች የአዋቂ ቡድኖች ናቸው። አሰልጣኙ ከተሸነፈ ይባረራል። 30 ዓመት የሞላው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ተጫዋች አስቀምጦ በዓመቱ ለሚሄድ የ18 ዓመት ልጅ ለምን ደቂቃ ይሰጣል? ብራንደን ጄኒንግስ በ2008 ኮሌጅ ትቶ ሮም ሄደ። የተጫወተው ጥቂት ነበር፣ ብዙውን ጊዜ ያየው ከወንበር ላይ ነው። እርግጥ በ2009 10ኛ ተመርጦ ሚልዋኪ ገባ፣ በመጀመሪያው ዓመቱም በአንድ ጨዋታ 55 ነጥብ አስቆጠረ። ላሜሎ ቦልም አውስትራሊያ ተጫውቶ በ2020 3ኛ ተመርጧል። መንገዱ አይሠራም አልልም። የሚሠራው ግን ከመሄዳቸው በፊት ስማቸው ለገነነ ልጆች ነው። የእርስዎ ልጅ ስሙ ገንኗል? የሚጠይቁትን ሰው ይምረጡ እንጂ፣ ይሄንን የአጎቱን ልጆች አይጠይቁ።

ቀጥሎ ደግሞ ገንዘብ። እዚህ ላይ ያ ሰውዬ የሚያወራው የድሮ ወሬ ነው። እስከ 2021 ድረስ የኮሌጅ ተጫዋች በራሱ ስም አምስት ሳንቲም ማግኘት አይችልም ነበር። ስኮላርሺፑን ያገኛል፣ ማደሪያ ያገኛል፣ ምግብ ያገኛል፣ አለቀ። ትኬቱን፣ ማሊያውን፣ የቴሌቪዥን መብቱን ሌላ ሰው ይሸጠዋል። ዛየን ዊሊያምሰን በየካቲት 2019 ለዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ጨዋታው ገና አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ጫማው ተቀዶ ጉልበቱን ተጎዳ። ያኔ መላው አገር «ያለ ደሞዝ ለምን ይጫወታል? አርፎ ድራፍቱን ይጠብቅ» አለ። ልጁ ግን ተመልሶ ተጫወተ፣ 1ኛም ተመረጠ። እኔም ያኔ ይረፍ ከሚሉት ጋር ነበርኩ። በዚያ ዘመን አንድ አባት «ልጄ ውጭ ሄዶ ደሞዙን ያግኝ» ቢል ሙሉ ምክንያት ነበረው።

ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ግን ተጫዋቾች ስማቸውንና ምስላቸውን መሸጥ ተፈቀደላቸው፣ ኤንአይኤል የሚሉት ይሄ ነው። በሰኔ 2025 ደግሞ አንድ የፍርድ ቤት ስምምነት ጸደቀና ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው መክፈል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም ስፖርቶቹ ተደምሮ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ እንዲያካፍል ተፈቀደለት። አብዛኛውን የአሜሪካ እግር ኳስ ይወስደዋል፣ ቅርጫት ኳስም ጥሩ ድርሻ አለው። ነገሩ ምን ያህል እንደተገለበጠ ማየት ከፈለጉ የጂ ሊግ (ከኤንቢኤ በታች ያለው ሊግ) ኢግናይትን ይመልከቱ። ኤንቢኤ ራሱ በ2020 ያቋቋመው ቡድን ነው፣ ኮሌጅ መግባት ለማይፈልጉ ጎበዝ ልጆች ደሞዝ ይከፍል ነበር። ጄለን ግሪን ከዚያ ወጥቶ በ2021 2ኛ ተመረጠ፣ ስኩት ሄንደርሰን በ2023 3ኛ። በ2024 ተዘጋ። ልጆቹ ኮሌጅ ገብተው የተሻለ ገንዘብ እያገኙ ማን ይመጣል?

ይሁን እንጂ «ኮሌጅ» ብለን ዓይናችንን ጨፍነን አንግባ። አሁን ተጫዋቾች ከኮሌጅ ኮሌጅ እንደልብ ይዛወራሉ። ስለዚህ አሰልጣኞች የ18 ዓመት ልጅ ከማሳደግ ይልቅ ከሌላ ኮሌጅ የ22 ዓመት ጎረምሳ ማምጣት ይቀላቸዋል። ዋናው የእኔ ምክር እዚህ ጋ ነው። ልጅዎን የሚፈልግ አሰልጣኝ ሲመጣ ስለ ስታዲየሙ አይጠይቁት። በልጄ ቦታ አሁን ማን አለ? እሱ በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል? ከሌላ ኮሌጅ ሰው ልታመጣበት ነው? ገንዘቡ በጽሑፍ ነው ወይስ በወሬ? ልጁ ቢጎዳስ? አንተ ራስህ ትቆያለህ? ይሄንን ይጠይቁ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመርኩት ከራሴ ቁስል ነው። እኔም በወጣትነቴ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ተጫውቻለሁ፣ መጫወት ከተባለ። አሰልጣኙ ቤታችን መጥቶ «ይሄ ልጅ የእኔ ልጅ ነው» ብሎ እናቴን አስለቀሳት። አንድ ዓመት ሙሉ የወንበሩን ጫፍ ስጠብቅ ከረምኩ። በዓመቱ እሱ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሌላ ቦታ ሄደ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ስሜን እንኳ አያውቅም ነበር።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎት፣ ነገ ዛሬ የማይባል ነው። ልጁ በአንደኛው ዲቪዚዮን (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ለመጫወት ከሃይስኩል 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ከ4.0 ቢያንስ በ2.3 አማካይ ውጤት ማለፍ አለበት። ከእነሱ ውስጥ አሥሩን ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጨረስ አለበት። እርስዎ «አንድ ዓመት ይቀረዋል» ብለዋል። እንግዲያው ዛሬ ማታ ትራንስክሪፕቱን ያውጡና ከእናቱ ጋር ቁጠሩት። ስንቱ ልጅ ነው ኳሱ ሞልቶለት ሒሳብ የጣለው።

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ የመጣሁትም በተማሪ ቪዛ ነው። ዘንድሮ ጥሩ ተጫውቻለሁ። ጓደኞቼ በኤንአይኤል መኪና ሲገዙ እኔ ቪዛህ አይፈቅድም ተባልኩ። ተናድጃለሁ። ስሜን ድራፍት ውስጥ ላስገባ?

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ። አንድ ሜዳ፣ አንድ ማሊያ፣ አንተ ባዶ እጅህን። ግን ተናደህ እንዳትፈርም።

ስምህን ማስገባት ትችላለህ፣ ያ ብቻውን አይጎዳህም። ብዙዎች ያስገቡና ቡድኖች ይሞክሯቸዋል፣ ኤንቢኤ ውስጥም ለኮሌጅ ተጫዋቾች «ስንተኛ ልትመረጥ ትችላለህ» የሚል ግምት የሚሰጥ ኮሚቴ አለ። ከዚያ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ስምህን አውጥተህ ወደ ኮሌጅህ ትመለሳለህ። ኤጀንት መያዝ ከፈለግክ በኮሌጆቹ ማኅበር የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ካልሆነ መመለሻህን ታበላሻለህ። ቀኑን ስልክህ ላይ ጻፈው። አንድ ቀን ካለፈ አለፈ ነው።

ምን ስትባል ትሄዳለህ? በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡት 30 ልጆች የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ደሞዛቸው የተረጋገጠ ነው፣ ቢጎዱም ወንበር ላይ ቢከርሙም ይከፈላቸዋል። ከዚያ በታች ዋስትና በሕግ የለህም፣ በድርድር ነው። ጄርሜይን ኦኒል በ1996 17ኛ ተመርጦ ፖርትላንድ ውስጥ አራት ዓመት ከወንበር ብዙም ሳይነሳ ቆየ። በኋላ ኢንዲያና ሄዶ ስድስት ጊዜ ኦል ስታር (የዓመቱ ምርጦች ጨዋታ ተሰላፊ) ሆነ። መቀመጥ የቻለው እየተከፈለው ስለሆነ ነው። ሳይመረጥ የቀረ ልጅ ጂ ሊግ ይገባል፣ እዚያ ያለው የመደበኛ ተጫዋች ደሞዝ ለአንድ የውድድር ዘመን ከ40 ሺህ ዶላር ብዙም አይዘልም።

ያንተ ጉዳይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ገመድ አለበት። የተማሪ ቪዛህ የሚቆመው በትምህርትህ ላይ ነው። ትምህርቱን ትተህ ሳትመረጥ ብትቀር እግርህ ሥር መሬት የለም። ለፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ሌላ ቪዛ አለ፣ ግን የሚያመጣልህ የሚቀጥርህ ቡድን ነው። የአሜሪካው ጓደኛህ ቢሳሳት እናቱ ቤት ይመለሳል፣ አንተ ብትሳሳት አገር ትለቃለህ። ስለዚህ ከኤጀንቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር። አሰልጣኙን አይደለም፣ ጠበቃ። «ችግር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል» ብሎ የሚያስፈርምህ ሰው ካለ፣ ፈርሞ የሚጠየቀው አንተ እንጂ እሱ አይደለም።

የመጀመሪያው ዙር ውስጥ ነህ ብለው ከአንድ ሰው በላይ ከነገሩህ፣ ሂድ። ኮሌጁ አይጠፋም። «ምናልባት ሁለተኛ ዙር» ካሉህ እኔ ብሆን እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናንተ ሁልጊዜ ስለ ወንዶች ነው የምታወሩት። ሴት ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ ከወንዶቹ ትበልጣለች። ለእሷስ?

መልስ፦ እውነትዎን ነው። አጭሩ መልስ፣ ለእሷ ምርጫው በደንቡ ተመርጦላታል። ደብሊውኤንቢኤ (የሴቶቹ ኤንቢኤ) አሜሪካዊ ተጫዋቾችን የሚቀበለው በድራፍቱ ዓመት 22 ሲሞላቸው ወይም ዲግሪ ሲይዙ ወይም ሃይስኩል ከጨረሱ አራት ዓመት ሲሞላ ነው። ኬትሊን ክላርክ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ዓመት ተጫውታ በ2024 1ኛ ተመረጠች። የመጀመሪያ ዓመት የቡድን ደሞዟ 76 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከማስታወቂያ የምታገኘው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ያንን ስም የሠራችውም ኮሌጅ እያለች ነው። ደንቡ ፍትሐዊ ነው አልልም። ወንዱ በ19 ዓመቱ የሚገባበትን በር ሴቷ እስከ 22 ታንኳኳለች። ነገር ግን ልጅዎ በዚያ መንገድ ከሄደች ከነዲፕሎማዋ የመውጣት ዕድሏ ከወንዶቹ የሰፋ ነው። ስለዚህ እርስዎ ኮሌጁን ሲመርጡ ከቡድኑ እኩል የትምህርት ክፍሉን ይዩ፣ አራት ዓመት የምትኖረው እዚያ ነው። የ16ቱ ኮርስ ነገር ለእሷም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ትምህርት እያላችሁ አታድክሙን። ልጁ በመከር ሁለት ቀላል ኮርስ ይወስዳል፣ በመጋቢት ውድድሩ ሲያልቅ ክፍል ድርሽ አይልም፣ በሚያዝያ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ይሄ ነው ትምህርት? ኮቤ ተማረ? ሌብሮን ተማረ? ሰውን ሥራው ይበቃዋል።

መልስ፦ ግማሹን እቀበላለሁ። የአንድ ዓመቱ ነገር ትምህርት ከምንለው ይልቅ ቲያትር ይመስላል፣ ኮሌጆቹም ኤንቢኤም ያውቁታል። የተሰጥኦ ፈላጊዎቹ ልጁን አንድ ዓመት በነፃ ያዩታል፣ ኮሌጁ ትኬት ይሸጥበታል። ዕድሜውን ወደ 18 እንመልሰው የሚል ወሬም በ2023 አዲሱ የሠራተኞች ስምምነት ሲደረግ ነበር፣ ግን 19 እንዳለ ቀረ።

የማልቀበለው «ኮቤ ተማረ?» የሚለውን ነው። ኮቤንና ሌብሮንን እንደ ምሳሌ ማንሳት ሎተሪ የወጣለትን ሰው «እንዴት ሀብታም ሆንክ» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ከኮሌጅ ተጫዋቾች ውስጥ ኤንቢኤ የሚደርሰው ከመቶ አንድ አካባቢ ነው። ለዘጠና ዘጠኙ ምን እንበላቸው?

ደግሞ ኮሌጅ መቆየት የጠቀማቸው ብዙ ናቸው። ስቴፈን ከሪ ሃይስኩል ሲጨርስ ትላልቆቹ ኮሌጆች አልፈለጉትም፣ ቀጭን ነበር። ዴቪድሰን የምትባል ትንሽ ኮሌጅ ገባ፣ ሦስት ዓመት ተጫወተ፣ በሦስተኛው ዓመት ነው ኳስ አቀባይነቱን ዋና ሥራው ያደረገው። በ2009 7ኛ ተመረጠ። በአንደኛው ዓመት ቢወጣ ማን ይመርጠው ነበር? ዴሚየን ሊላርድ በዌበር ስቴት አራት ዓመት ከርሞ በ2012 6ኛ ወጣ። ቲም ደንከን ቀደም ብሎ መውጣት ይችል ነበር፣ አልወጣም። ለሟች እናቱ ዲግሪዬን እይዛለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ስለነበር ዌክ ፎረስት አራቱን ዓመት ጨረሰ። በ1997 1ኛ ተመረጠ፣ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

አቋርጠው የወጡትም ቢሆኑ ነገሩ ቆጭቷቸው የተመለሱ አሉ። ማይክል ጆርዳን በ1984 ሳይጨርስ ወጣ፣ በ1986 ጨረሰ። ሻኪል ኦኒል በ2000 ጨረሰ። ያው ስቴፈን ከሪ ደግሞ ያንን ሁሉ ዋንጫ ከሰበሰበ በኋላ በ2022 ነው የጨረሰው። ገንዘብ ቸግሯቸው አይደለም መቼም።

ቪንስ ካርተርን ግን አንተም እንደምታስታውሰው እገምታለሁ። ግንቦት 2001፣ ቶሮንቶ ከፊላደልፊያ ጋር ሰባተኛውን ወሳኝ ጨዋታ ሊጫወት ነው። ካርተር በዚያው ቀን ጠዋት ኖርዝ ካሮላይና ሄዶ ተመረቀና በአውሮፕላን ተመለሰ። ቡድኑ 88 ለ 87 ተሸነፈ፣ የመጨረሻዋን ኳስ የሳታትም እሱ ነው። ሰው «ምረቃው ነው ያደከመው» ብሎ አላገጠበት፣ እስከ ዛሬም የሚያነሳበት አለ። እኔ ያቺን ኳስ ስንት ጊዜ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ተከላካዩን በማስመሰል አዘለለው፣ ነፃ ሆነ፣ አስተካክሎ ተኮሰ። ሪሙን መታችና ወጣች።